ብርሃኑ በየት በኩል ገባ?

እንግዳ ቤቴ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሠርጋችን ፎቶ ላይ ነው። ፎቶው ክፈፍ አለው፤ መስታወት የለውም። እንግዳው ፎቶውን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ መምህር መሆኔ ትዝ ይለዋል፣ ከዚያ ከንፈሩን ይመጥጣል። እባካችሁ አትምጠጡልኝ። መስታወቱ የጠፋው በችግር አይደለም፤ በሳይንስ ነው። እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁና ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ ምጠጡ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የፊዚክስ መምህር በሠርግም በለቅሶም የሚፈለገው ማይክራፎኑ እምቢ ሲል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ማይክራፎን መጠገን አልችልም። ስለዚህ ያለኝ ክብር ሁሉ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ተማሪ እጁን እስኪያወጣ ድረስ ነው።

አንድ ቀን ስለ ብርሃን እያስተማርሁ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃንን ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ብታሳልፉት ማዶ ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር ይሠራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይሠራም። እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ይሆናል፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጨለማ። ቅንጣት በቅንጣት እየቆጠራችሁ ብትለቁትም ቀስ እያለ ያው ትልም ይወጣል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በሁለቱም በር የገባች ይመስል። ይህ ሳያንስ፣ «ቆይ እስቲ፣ በየትኛው እንደገባሽ ልወቅ» ብላችሁ የሚለይ መሣሪያ ካቆማችሁ ትልሙ ይጠፋል። እንግዲህ ጥቂት ሊቃውንት «ትልሙን የሚያጠፋው የሚያውቀው ሰው ኅሊና ነው» አሉ። አብዛኞቹ ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ መሣሪያው ራሱ ይበቃል፤ ኅሊናን እዚህ ምን አገባው» አሏቸው። ክርክሩ እስካሁን አለ።

ይህን ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማየት ማለት ግን በዓይን ነው ወይስ በሐሳብ?»

መልሱን ስለማላውቀው፣ እንደማንኛውም ልምድ ያለው መምህር «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልሁና ደወል እስኪደወል ድረስ ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ጥፋቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ነው። የኬሚስትሪው መምህር ጥጋቡ ጓደኛዬ ነው፤ ከጓደኝነታችን የሚበልጠው ግን ሁሉን ነገር ማጣጣሉ ነው። ነገሩን ስነግረው ሻዩን እያማሰለ፣ «ማሰብ ነገር ቢያንቀሳቅስ ኖሮ እኔ ስንት ዘመን ዝውውር አስቤያለሁ፤ ይኸው እዚሁ ነኝ» አለ።

«በሙከራ ሳይታይ እንዲህ አይባልም» አልሁ።

«እንግዲያው ወይ ሞክረህ አሳየን፣ ወይ ሻይህን ጠጣ።»

ሻዬን ጠጥቼ ብተወው ኖሮ የሠርጋችን ፎቶ ዛሬም መስታወት ይኖረው ነበር።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ የየሻረግ አባት፣ አያ አለኸኝ፣ ከደምበጫ ገጠር እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ሆስፒታል ስንወስዳቸው «በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ በቀኙ እንጀምራለን፤ ነገር ግን የደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ እስኪወርድ መድኃኒት እየወሰዱ ይቆዩ» ተባለ። እሳቸውም ሲሰሙ፣ «ድሮ አዋቂ ሞራ ያነብ ነበር፤ ዛሬ ሞራው እኔን እያነበበኝ ነው» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ከዚያ በኋላ አልቆየም።

አያ አለኸኝ በአገራቸው ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ናቸው። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱን ያስኮረፈ፣ በሬው የሰው ማሳ የገባበት ሁሉ እሳቸው ፊት ቆሞ ነው የሚታረቀው። እኛ ቤት ደግሞ ከእኔና ከየሻረግ በቀር የሚጣላ የለም፤ እኛም ብንሆን እንግዳ ሲኖር በሹክሹክታ ነው የምንጣላው። ሥራ የለም፣ ባለጉዳይ የለም፣ ዓይን የለም። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ይቀመጡና፣ «እህሌ አውድማ ላይ ነው። ልሂድ» ይላሉ።

«አባዬ፣ ሳትታከም አትሄድም» ትላለች የሻረግ።

አንድ ቀን በዱላቸው እየዳበሱ እስከ አስፋልቱ ወጥተው ባጃጅ አስቁመዋል፤ «መናኸሪያ» ብለው ተሳፍረዋል። ደግነቱ ባለባጃጁ ሰፈራችንን የሚያውቅ ነበርና አንድ ዙር አዙሮ መልሶ በራችን ላይ አወረዳቸው። አያ አለኸኝ የቆርቆሮ በራችንን በእጃቸው ዳሰሱና «መናኸሪያው በር አውጥቷል እንዴ?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሻረግ እኔን ዘበኛ አድርጋ ሾመችኝ። ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ስለተዘጋ ማመካኛ አልነበረኝም።

እሳቸውን ስጠብቅ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ዓይናቸው አያይም፤ ሐሳባቸው ግን ሁለት ባላንጣ ሲጯጯህ ውሎ እንኳ የማይናወጥ ነው። ያቺ ልጅ ላቀረበችው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? እግረ መንገዱንም ከቤት አይወጡም።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሳጥን ውስጥ ብርሃኑ በሁለቱ ስንጥቆች ያልፋል። አያ አለኸኝ አጠገቡ ተቀምጠው ለጥቂት ደቂቃ ሐሳባቸውን ሁሉ ስንጥቆቹ ላይ ያደርጋሉ፤ ብርሃኑ በየትኛው እንደሚገባ በኅሊናቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ ይተውታል፤ ስለፈለጉት ያስባሉ። ኅሊና እውነት ትልሙን የሚነካ ከሆነ፣ ሲያስቡ ጨለማው መስመር በትንሹም ቢሆን መፍካት አለበት። የብርሃን መጠን በቁጥር የሚያሳይ አፕ ስልኬ ላይ ጭኛለሁ፤ ስልኬን ጨለማው መስመር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ቁጥሩን አነባለሁ።

ከገበያ ልጆች የሚጫወቱባትን ቀይ የሌዘር መብራት ገዛሁ። የቴሌቪዥን ካርቶን አገኘሁ። ለስንጥቁ ስስ መስታወት ያስፈልግ ነበር፤ በኩራዝ ጭስ ጥላሸት አልብሼ በምላጭ ሁለት መስመር ልጭርበት። ቤቱን ሁሉ ዞርሁ። ስስ የሆነው አንድ ብቻ ነበር።

የሻረግ ከገበያ ስትመለስ ፎቶውን አየች። «ሌላ መስታወት አጣህ?» አለችኝ።

«ሌላው ሁሉ ወፍራም ነው።»

«እኛ ነን የሳሳነው?»

እዚህ ደግሞ የማጠፋው ሰሌዳ አልነበረም።

አያ አለኸኝን አስቀምጬ ነገሩን አስረዳኋቸው። ባልጠበቅሁት ትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «እንዲያው ባጭሩ ተከሳሹ ብርሃን ነው» አሉ።

«እንደዚያ ማለት ይቻላል፣ አባቴ።»

«ክሱም ባንድ ጊዜ በሁለት በር ገብቷል ነው።»

«አዎ።»

«እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉዳይ አልቀረበልኝም» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ትልሙ ተንቀጠቀጠ።  ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ አያ አለኸኝ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደግፈው ያንኮራፋሉ። ትልሙን ያንቀጠቀጠው ኅሊና ሳይሆን የኅሊና አለመኖር ነው። በሌላው ቀን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቁጥሩ ይዘል ጀመር። ከዚያ ደግሞ የጥር ነፋስ ቆርቆሮውን እያንኳኳ አስቸገረ። በመጨረሻ ዕቃውን ሁሉ ተሸክመን ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ወዳለችው ጓዳ ገባን፤ እዚያ ጸጥታ አለ። ጸጥታ የመሰለኝ ግን የእትዬ ብርቄን ግድግዳ ስለረሳሁት ነው።

እትዬ ብርቄ ግቢውን የሚጋሩን ጎረቤታችን ናቸው። ደግ ናቸው፣ ጸሎተኛ ናቸው፣ ጆሯቸው ደግሞ ግድግዳ አያግደውም። አያ አለኸኝ እንደ ሽማግሌነታቸው ዝም ብሎ ማሰብ ስላልሆነላቸው ብርሃኑን ፊት ለፊት መጠየቅ ጀምረው ነበር።

«በየት በኩል ገባህ?» ይላሉ ጮክ ብለው። «በቀኝ ነው በግራ? ዝም ብትል አይበጅህም። ተናገር።»

እኔ ደግሞ ዓይኔን ስልኩ ላይ ተክዬ፣ ቁጥሩ ከፍ ሊል ሲመስለኝ፣ «በርቱ አባቴ፣ ሊወጣ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው» እላለሁ።

ይህን ከግድግዳ ማዶ ሆናችሁ ስሙት። በሩ ተበረገደና እትዬ ብርቄ ጸበል የሞላ ጀሪካን ይዘው «በስመ አብ» እያሉ ገቡ። መጀመሪያ አያ አለኸኝን፣ ቀጥለው እኔን፣ በመጨረሻ ክፉ መንፈሱ የተደበቀበት የመሰላቸውን ካርቶን ረጩት። ሌዘሯ አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች።

አያ አለኸኝ ውሃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ብድግ አሉ። «ዘነበ እንዴ? በጥር?» አሉ። «በቃ፤ እህሌ አውድማ ላይ በሰበሰ። ዱላዬን አቀብሉኝ።» ዝናብ አለመሆኑን ለማሳመን ወደ ግቢው አውጥተን ደረቁን መሬት ማስዳሰስ ነበረብን።

እትዬ ብርቄን ለማስረዳት ሞከርሁ። «መንፈስ አይደለም እትዬ። አባቴ እየጠየቁ ያሉት ብርሃኑ በየት እንደገባ ነው።»

«ብርሃኑ?» አሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «ብርሃኑ ቤታችሁ ገባ?»

«አዎ፣ በሁለት በር።»

የተናገርሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ወደ ማምሻው ነው። ከመንገዱ ማዶ የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆነ ብርሃኑ የሚባል ሰላማዊ ሰው አለ። እትዬ ብርቄ ከግቢው ወጥተው ቤታቸው እስኪመለሱ፣ ብርሃኑ የመምህሩን ቤት ሁለቱን በር ሰብሮ ገብቶ በዓይነ ስውር ሽማግሌ እየተመረመረ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በማግሥቱ ብርሃኑ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። እንደ ነጣ መንፈስ በሩ ላይ ቆሞ፣ «መምህር፣ ምን በደልሁህ? ስሜ ጠፋ እኮ» አለኝ።

ሰው በሐፍረት ቢሞት እኔ ያን ጠዋት ሞቼ ነበር። ያዳኑኝ አያ አለኸኝ ናቸው። ከጓዳ «ማነው? ጉዳይ ነው?» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ወጥተው ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጡ። ራሳቸው ነገሩን የጀመሩ፣ ራሳቸው አስታራቂ ሆኑ። ሁሉንም ሰሙ፤ እትዬ ብርቄንም አስጠሩ፤ እኔን «ለነገሩ ያበቃህ የቃል ስንፍና ነው፤ ጨረር ብትል ምን ነበረበት?» ብለው ገሠጹኝ፤ ብርሃኑንም አሳቁት። ከምሳ በፊት ሁላችንም ተቃቅፈን ይቅር ተባባልን። በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ስንሄድ ግፊታቸው ወርዷል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘ።

እስከዚያው ድረስ ሙከራው አልቆመም። አዲስ ሌዘር ገዛሁ። ባትሪዋ ቶሎ ስለሚያልቅ ሽቦ ቀጥዬ ካሮጌ የስልክ ቻርጀር ጋር አገናኘኋትና ሶኬት ላይ ሰካኋት። በዚህ ሥራዬ ኮርቻለሁ፤ ማይክራፎን አይጠግንም ያላችሁ ሰዎች ብታዩኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። የምንሠራው ጠዋት፣ ከምሳ በፊት ነው። አያ አለኸኝም አሁን ድምፅ ማውጣት ትተው በልባቸው ብቻ ማሰብ ጀመሩ።

ቁጥሩ ወጣ።

ዓይኔን አሸሁ። «አባቴ፣ እስቲ ይረፉ» አልሁ። ትንሽ ቆይቶ ወረደ። «አሁን ያስቡ።» ወጣ። ይረፉ፤ ወረደ። በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እግሬ መሬት አልነካም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወት ውስጥ የማየው ሰው የታላላቅ ጉባኤዎች ተናጋሪ ነበር። የሻረግን «ስንሸለም ምን ትለብሻለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እሷም «መጀመሪያ ፎቶውን አልብሰው» አለችኝ። ወሬውም ወጣ፤ እትዬ ብርቄ አንድ ቀን መጥተው፣ እንቁላል መጣል ስላቆመች ዶሮአቸው አያ አለኸኝ ትንሽ እንዲያስቡላት ለመኑ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር አላስተዋልሁም። አያ አለኸኝ ቁጥሩ ወጣ ባልሁ ቁጥር አይደሰቱም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ነገ ሊሆን ዛሬ ጠዋት ጥጋቡን ጠራሁት። መጣ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አያ አለኸኝ አሰቡ። ቁጥሩ ወጣ። ጥጋቡ ከበርጩማው ተነስቶ ስልኩ ላይ አጎነበሰ። በወዳጅነት ዘመናችን መጀመሪያ ጊዜ የሚያጣጥለው አጣ። ያችን ደቂቃ እስከዛሬ እንደ ማር እልሳታለሁ፤ ትንሽ ናትና ቆጥቤ ነው።

«አሁን ይረፉ» አለ ጥጋቡ።

አያ አለኸኝ አረፉ። ጠበቅን። የሻረግ ምሳውን ይዛ ገባች። ቁጥሩ አልወረደም።

«አርፈዋል አባት?» አለ ጥጋቡ።

«አርፌአለሁ።»

«ቁጥሩ ግን አላረፈም።»

አያ አለኸኝ ከምሳው በፊት ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ ስላሉ ወደ ግቢው አወጣናቸው። ጥጋቡ ግን ቆሞ ጓዳውን ዙሪያውን ያያል። «የሻረግ» አለ፣ «እኚህ አባት ሲያስቡ አንች ምን ስታደርጊ ነበር?»

«እኔማ ወጥ እየሠራሁ ነው» አለች። «ስቶቩ ላይ።»

«ሲያስቡም ወጥ እየሠራሽ ነው?»

የሻረግ ትንሽ አፈረች። «አይ፣ አባዬ ሊያስብ ነው ሲባል ሽሮው እንዳይገነፍልብኝ ስቶቩን አጠፋና እዚህ በር ጀርባ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሲያርፍ ተመልሼ አበራዋለሁ። ዛሬ ግን ወጡ ደረሰና በዚያው ተውሁት።»

የሰፈራችን መብራት ስቶቭ ሲበራ ይደክማል፤ አምፖሉ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ይህን ማንም ያውቃል። ስቶቩ ሲጠፋ ደግሞ ኃይሉ ይመለስና በዚያ ባኮራኝ ቻርጀር የተንጠለጠለችው ሌዘር ትፈካለች። ጥጋቡ «እስቲ አብሪው» አላት። ቁጥሩ ወረደ። «አጥፊው።» ወጣ። የሽልማት ልብሴን ያን ጊዜ አወለቅሁ። ለሳይንስ ያበረከትሁት ነገር ቢኖር ሽሮ በብርሃን ጠባይ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ማረጋገጤ ነው።

ጥጋቡ ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። የሻረግ ግን ክንዴን ያዘች። «ነገ እስኪያልፍ ለአባዬ አትንገረው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ደስ ብሎት ነው የቆየው። ከንቱ ነበር ካልኸው ተነስቶ ይሄዳል።»

እሺ አልሁ። አያ አለኸኝን ከግቢው አምጥቼ ምሳው ፊት አስቀመጥኋቸው። እጃቸውን ሰሐኑ ላይ አላኖሩም።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ነገ አልሄድም።»

የሻረግ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «አውድማው ነው አባዬ? ወንድሜ ደውሎ ነበር እኮ፤ እህሉ ተወቅቶ ገብቷል።»

«አውቃለሁ። ለእኔም ነግሮኛል።»

«ታዲያ?»

ሰሐኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ትንሽ ወደ ግራዬ አዞሩት እንጂ ለእኔ መሆኑ ያስታውቃል። «አታለልሁህ፣ ልጄ። ስለ ብርሃኑ አስቡ ስትለኝ እኔ አንድም ቀን ስለ ብርሃኑ አላሰብሁም። መጀመሪያ መጀመሪያ ሞክሬ ነበር። ቀጠሮው ከተያዘ ወዲህ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ቢላው ነው።»

የሻረግ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«ልጅ ሆኜ፣ ያባቴን ዓይን አንድ ዞሮ የሚያክም አዋቂ በመርፌ ሊገፋ መጣ። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ጠበቅ አድርገህ ያዝ አሉኝ። ያዝሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ቀንና ሌሊት መለየት አልቻለም። የሚያየኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ ከፊቱ ቆሜአለሁ።» ጢማቸውን ዳሰሱ። «እና እኔ ስፈራ አንተ ቁጥሩ ወጣ ትላለህ። ስፈራ ወጣ ትላለህ። እንግዲህ ፍርሃቴ ሳጥን ውስጥ ያለ ብርሃን የሚነካ ከሆነ፣ ነገ ዓይኔ ላይ የሚጎነበሰውን የሐኪም እጅ አይነካም? ቢላውን እኔው ራሴ ባስተው?»

የሻረግን አየኋት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ንገረው ነው።

«አባቴ» አልሁ፣ «እርስዎ ምንም አላደረጉም። የሽሮው ነገር ነው።»

«የምኑ?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስቶቩን፣ ቻርጀሩን፣ የሻረግ በር ጀርባ መቆሟን። እኔ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ይህን አለማየቴንም ጨምሬ። ሲያዳምጡ ፊታቸው የባለጉዳይ አልነበረም፤ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

«እርግጠኛ ነህ? ልታጽናናኝ አይደለም?»

እዚህ ላይ ጥጋቡ ተነሳ። «በሙከራ ሳይታይ እንዲህ አይባልም፣ አባት» አለ። ወደ እኔ ሳያይ ነው ያለው። እጃቸውን ይዞ ወደ ጓዳው ወሰዳቸው። የሻረግ ስቶቩን ከሶኬቱ ነቅላ፣ መሰኪያውን አምጥታ አባቷን አስያዘቻቸው። እኔ ስልኩ ላይ ተቀመጥሁ።

«አሁን ይፍሩ፣ አባቴ» አልሁ።

«ምን ያህል?»

«የቻሉትን ያህል።»

አያ አለኸኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሰኪያውን ጨበጡ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። የት እንደሄዱ፣ የማንን ጭንቅላት እንደያዙ እኛ ሁላችን እናውቃለን።

«ስንት ነው?» አሉ።

«ያው ነው።»

«አሁንስ?»

«ያው ነው፣ አባቴ።»

«በጣም ፈራሁ እኮ አሁን።»

«ንቅንቅ አላለም።»

ጥጋቡም አጎንብሶ አየና «አልተነቃነቀም» ብሎ መሰከረ። አያ አለኸኝ ረዥም ትንፋሽ አወጡ፤ ትከሻቸው ሲወርድ ጋቢው አብሮ ወረደ። «እንግዲያስ ብፈራም ጉዳት የለውም» አሉ። «ፈርቼም መሄድ እችላለሁ።» ከዚያ ምሳ በሉ። ሽሮውንም አመሰገኑ።

እኔ ደግሞ በሕይወቴ ምንም ባለማግኘት እንደዚያ የተደሰትሁበት ቀን የለም።

በማግሥቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አብሬ ልግባ ብዬ ብለምን ነርሷ አልፈቀደችም። ማደንዘዣው ለዓይኑ ብቻ መሆኑን፣ ነቅተው እንደሚቆዩ ስትነግረን «ነቅተው?» ብዬ ደጋግሜ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። የሻረግ አግዳሚ ወንበር ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ሆኜ፣ የሐኪሙ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ በሙሉ ኅሊናዬ አሰብሁ። ማሰብ ነገር እንደማያንቀሳቅስ በራሴ ሙከራ ባረጋገጥሁ ማግሥት ማለት ነው። አላቆምሁም። ብታዩኝ ከንፈሬ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር።

አያ አለኸኝ ዓይናቸው ታሽጎ በድጋፍ ሲወጡ ሮጠን ሄድን። «እንዴት ነበር?» አለች የሻረግ።

«ገና አልጀመሩም» አሉ። ማለቁን ነርሷ እስክትነግራቸው ድረስ አላወቁም ነበር።

እሽጉ የተፈታው በሚቀጥለው ጠዋት ነው። ነርሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ፋሻውን ቀስ ብላ አነሳች፤ ዓይናቸውን በጥጥ ጠረገች። አያ አለኸኝ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ቀላ ብሎ እንባ አቅርሯል። ነርሷ ራቅ ብላ እጇን ዘረጋች።

«አባቴ፣ ስንት ጣት ነው?»

አልመለሱም። የሻረግ መቁጠሪያዋን ጨበጠች።

«አባቴ፣ ይታይዎታል? ስንት ጣት ነው?»

አያ አለኸኝ የነርሷን እጅ አልፈው፣ ከበሩ አጠገብ ወደቆመችው ወደ የሻረግ ያያሉ። ፀጉሯን አዩ፣ ግንባሯን አዩ፣ ወደ አገጯ ወርደው ደግሞ ወደ ዓይኗ ተመለሱ። የሻረግ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«ስንት ነው አባቴ?» አለች ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ቆይ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሴት ልጃቸው ሳይነቅሉ። «ጣቱ ይደርሳል።»